ስለ ድምፅ አደራ

ገንዘብ የተበደረ ሰው የዕዳውን ልክ ያውቃል። እህል የተበደረም በቁና ሰፍሮ የወሰደውን በቁና ሰፍሮ ይመልሳል። የሰውን ድምፅ በአደራ ተቀብሎ ያጠፋ ሰውስ ምን ሰፍሮ ይመልሳል? ይህ ጥያቄ ለወጣት አንባቢ እንግዳ ሳይመስል አይቀርም። ለእኔ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ አብሮኝ ስለ ኖረ፥ በዚህች መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሐሜትና ስለ ትዕቢት ስጽፍ ያልከበደኝ ብዕር እዚህ ላይ ይከብደኛል። የሌላውን ሰው ጥፋት መጻፍ ቀላል ነውና።

በ1979 ዓ.ም. ከቡሬ ጥቂት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። ደመወዝ ለመቀበል ወደ ከተማ ስወጣ ከአንዲት ባለ ጠጅ ቤት ዘንድ አርፍ ነበር። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ ጠጅ አልጠጣም፤ እትዬም ይህን ስለሚያውቁ ብርዝ ለብቻው ያስቀምጡልኝ ነበር። በዚያ ቤት ቀደም ባሉት ዓመታት አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ማሲንቆ ይመታ ነበር፤ እኔ ሳልደርስበት ሞቷል። ከመሞቱ በፊት የእትዬ ልጅ ከአዲስ አበባ ቴፕ ይዞ መጥቶ አንድ ሌሊት ሲዘፍን በካሴት ቀድቶት ኖሯል። ያ አንድ ካሴት ብቻ ነበር። ቅጂ አልነበረውም።

ካሴት በእጃቸው ይዘው የማያውቁ ልጆች ስላሉ ነገሩን ላስረዳ። በካሴቱ ጀርባ፥ በግራና በቀኝ፥ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ባለቤቱ የቀዳው ነገር እንዳይጠፋበት ሲፈልግ ጥርሶቹን በቢላ ጫፍ ይሰብራቸዋል፤ ያን ጊዜ የመቅጃው ቁልፍ ቢጫኑትም አይወርድም። ነገር ግን የተሰበረውን ቀዳዳ በፕላስተር የሸፈነ ሰው እንደ ገና ሊቀዳበት ይችላል። ቴፑም አዲሱን ድምፅ ከመጻፉ በፊት አሮጌውን ይሰርዛል፤ ሁለቱ ባንድ ክር ላይ አብረው አይኖሩም። የእትዬ ልጅ ሁለቱንም ጥርሶች ሰብሮ ነበር። ይህ «አትንካው» ማለት ነው። በፊደል ባይጻፍም ግልጥ ሆኖ የተነገረ ቃል ነው።

ካሴቱን «ሰምቼ እመልሳለሁ» ብዬ ተዋስሁ። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ቀርቦ ነበር፤ እኔም ለሥራ ጉዳይ ሁለት ሳምንት ከትምህርት ቤቱ መራቄ ሆነ። ተማሪዎቼ ከእኔ በቀር እንግሊዝኛ የሚያነብላቸው ሰው አልነበራቸውም። ባዶ ካሴት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ከዚያም ከቁስል ማሸጊያው ፕላስተር ቆርጬ ሁለቱን ቀዳዳዎች ሸፈንሁና ንባቡን በራሴ ድምፅ ቀዳሁ።

በዚያች ሰዓት ሕሊናዬ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ይህን ነው ወጣት አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው። ሌባ ሲሰርቅ ልቡ ይመታል፤ እኔ ግን መልካም ሥራ እንደሚሠራ ሰው ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርሁ። በአንድ በኩል የድሀ ልጆች ትምህርት አለ፤ በሌላው በኩል የጠጅ ቤት ዘፈን አለ፤ ሚዛኑ ወዴት እንዲያጋድል የታወቀ ነው አልሁ። ዘፈን ሁሉ የስካር ታናሽ ወንድም ነው ብዬ አምን ነበር። ይህን ማንም በቃል አላስተማረኝም። ራሴ ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ያበጀሁት ኩራት ነው።

እትዬ ካሴቱን ሲጠይቁኝ «ቴፑ ክሩን በላው» አልኋቸው። ያን ዘመን ይህ የሚታመን ነገር ነበር። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ የሱም ዕጣ ነው» አሉና ብርዜን ቀዱልኝ። ጠጣሁት።

አዝማሪን በሚመለከት እኛ የጎጃም ሰዎች፥ እንዲያውም መላው አገራችን፥ አንድ የቆየ ነውር አለብን። ሰርግ ያለ እርሱ አይደምቅም፤ ልጃችንን ግን አንድርለትም። «ተቀበል!» ብለን ግጥም እንሰጠዋለን፤ እርሱም ተቀብሎ አሳምሮ ይመልስልናል፤ በማግሥቱ ደግሞ «አዝማሪ» የሚለውን ቃል ለስድብ እናውለዋለን። ለቅኔ ተማሪ በእንተ ስማ ለማርያም ሲል ቁራሽ የምንሰጥ ሰዎች፥ ሰምና ወርቁን በማሲንቆ የሚነግረንን ሰው ከበር አጠገብ እናስቀምጠዋለን። እንግዲህ ሰውየውን ከናቅነው ድምፁን ለመጠበቅ ማን ይደክማል?

የተከበረ ሰው ድምፅማ ይጠበቃል። በ1890 ዓ.ም. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክ መልእክቷን በፎኖግራፍ ቀድታ ላከች። ምኒልክ ድምፁን ሰምተው መድፍ አስተኮሱላት፤ ከተሰማ በኋላ ግን እንዲሰበር ቀድሞ ታዝዞ ስለ ነበር ተሰበረ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ የላኩት መልስ ግን ተጠብቆ ስለ ቆየ እስከ ዛሬ ይሰማል። ከዚያም በ1900 ዓ.ም. ገደማ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት ተሰማ እሸቴ የአውቶሞቢል ሥራ እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ተልከው ሳለ ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀድተዋል፤ ለገበያ ከተቀዱት የኢትዮጵያ ዘፈኖች የመጀመሪያዎቹ እነዚህ ናቸው። የያን ጊዜ ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ አንዱ ገጽ የሚይዘውም ሦስት ደቂቃ ግድም ነው፤ ቢወድቅ እንደ ጀበና ይሰበራል። ሌሊቱን ሙሉ የሚዘፍን ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ ራሱን ማጠፍ ነበረበት ማለት ነው። የነጋድራስ ተሰማ ልጅ ይድነቃቸው ተሰማ፥ በእግር ኳስ ስማቸው በአፍሪካ የታወቀው፥ የአባታቸውን ግጥም «ሰምና ወርቅ» ብለው በመጽሐፍ ሰብስበዋል። የታደለ አባት ነው።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ሸክላ ወደ ገጠር አልወረደም። ሸክላ የማሳተም ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠበት ዘመን ነበር። አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ይህን ደፍሮ ጥሶ የራሱን ማሳተሚያ ሲያቋቁም ያሳተመው ይበልጡን የከተማውን ዘፈን ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ከ1997 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ያንን ዘመን እንደ ገና ለዓለም ባያሰማ ኖሮ እርሱም እንኳ በአቧራ ውስጥ በቀረ ነበር። የቡሬውን ማሲንቆ መቺ ግን ከአንድ ካሴት በቀር ማንም አላስተዋለውም። ያንንም እኔ አገኘሁት።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ አልደረሰም። በአሜሪካ ደቡባዊ ክፍለ አገሮች በጥጥ እርሻ የሚሠሩ ጥቁሮች ብሉዝ የተባለውን ዘፈን በጊታር ይጫወቱ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብዙዎቹ የሰይጣን ዘፈን ይሉት ነበር። (ይህን ሳነብ የማውቀው ሰው ስም የተጠራ ያህል ደነገጥሁ።) ሚሲሲፒ ጆን ኸርት የተባለው ሰው በ1928 እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ጥቂት ዘፈኖች ቀድቶ ወደ እርሻው ተመለሰ፤ ተረሳም። በ1963 ቶም ሆስኪንስ የሚባል ወጣት በአንዱ ዘፈን ውስጥ አቫሎን የተባለች መንደር ስትጠራ ሰምቶ ወደዚያች መንደር ሄደ፤ ሽማግሌውንም በሕይወት አገኘው። ኸርት በ1966 እስኪሞት ድረስ ብዙ ሺህ ሰው ፊት ተጫወተ። ቶሚ ጆንሰን ደግሞ በ1956 ሞተ። ሸክላው እጅግ ብርቅ ስለ ሆነ በ2013 አንዱ ከ37 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። ለሟቹ ከዚህ ገንዘብ የደረሰው የለም።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ብዙ ጊዜ አነጻጽሬያለሁ። ሸክላ ፈላጊ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ድምፁን ተከትሎ ሄዶ ሰውየውን ይፈልጋል፤ ሌላው ድምፁን አግኝቶ ሰውየውን ይረሳል። ደግሞም ብርቅነት ምንድን ነው? በመናቃችን ያጠፋነው ነገር ጥቂት ሲቀር፥ ያቺን ጥቂት «ብርቅ» ብለን ዋጋ እንሰጣታለን። ዋጋዋ ራሱ የንቀታችን ልክ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ጡረታ ስወጣ የዚያ አዝማሪ ሌላ ቅጂ በአንድ ሰው እጅ ቀርቶ እንደ ሆነ ብዬ ፍለጋ ጀመርሁ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ቀድሞ ካሴት ይሸጥ የነበረ ሰው አሁን በስልክ ላይ ዘፈን ይጭናል፤ «ጋሼ፥ አሮጌውን ካሴትማ ገበሬ ወሰደው» አለኝ። እውነቱን ነው። ከማንኩሳ በታች ባለው ሜዳ በዳጉሳው ማሳ ላይ የካሴት ክር ከእንጨት እንጨት ተወጥሮ በነፋስ ሲያፏጭና ወፍ ሲያባርር በዐይኔ አይቻለሁ። የማን ድምፅ ይሆን እያልሁ ቆሜ ቀረሁ፤ እረኛው ልጅ ያበድሁ መስሎት ሳቀብኝ።

በሽንዲ በኩል አንድ የበርበሬ ነጋዴ የብዙ አዝማሪዎች ካሴት እንዳለው ሰምቼ ሄድሁ። በጨርቅ የተጠቀለለ አሥራ አምስት ያህል አወጣ። አሰማኝ፤ የኔው ሰው ግን ከውስጡ አልነበረም። አንዱን እንዲያስቀዳኝ ብለምነው «ብዙ ከሆነ የኔው ዋጋ ምን ይሆናል?» አለኝ። በልቤ ንፉግ አልሁት። ወደ ቡሬ በሚመለሰው መኪና ላይ ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ይህ ሰው ሸሸገ እንጂ አላጠፋም፤ ልጁ ነገ ሊያወጣው ይችላል። ለልጆች ብዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እርሱን ንፉግ ካልሁት እኔን ምን ልባል ነው?

ደግሞ ለማን ስል እንደምፈልግ ራሴን ጠየቅሁ። ለሟቹ ነውን? ለእትዬ ነውን? እትዬ እንኳ ዐርፈዋል። ሌላ ቅጂ ቢገኝ «አልጠፋም፤ ይኸው» ብዬ ልቤን ለማሳረፍ ነበር የደከምሁት። በሌላ ሰው እጅ ባለ ካሴት የራሴን ዕዳ ልከፍል ነበር።

ካሴቱ የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው፤ የጡረታ ወረቀት ስፈልግ በራሴ የብረት ሣጥን ሥር። ከብዙ ዓመት በፊት እዚያ ከትቼው እንዳላየው ወረቀት ደርቤበት ነበር። ከአንድ ጎረቤት ቴፕ ተውሼ ከፈትሁት። የወጣትነቴ ድምፅ እንግሊዝኛውን እየጮኸ ያነባል። ለመዝጋት እጄን ዘረጋሁና ተውሁት፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ያህል ራሴን ሰማሁ። ከዚያ አንድ ነገር ቀጭ አለና አንድ የማላውቀው ሰው «ተቀበል!» ሲል ሰማሁ። ማሲንቆው ተነሣ። የካሴቱ አንድ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ የእኔ ንባብ አልሞላውም ነበር። ያን ጊዜ ትምህርቱ ሲያልቅ ተማሪዎቹ ወዲያው ወደ ኋላ ያጠነጥኑት ስለ ነበር፥ ከእኔ ቃል በኋላ ምን እንዳለ ማናችንም ሰምተን አናውቅም። ሁለተኛው ገጽ በሌላ ንባብ ሞልቷል። የተረፈው ሰባት ደቂቃ ከጥቂት ነው፤ በትዝታ ቅኝት።

ስልክ የሚያውቅ የቀድሞ ተማሪዬ «ጋሼ፥ እኔ ልጫነው፤ በአንድ ሳምንት ሺህ ሰው ይሰማዋል» አለኝ። ቅን ልጅ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ ልጁን እንድፈልግ ፈቃድ ጠየቅሁት፤ አዝማሪው አንዲት ሴት ልጅ እንደ ነበረችው ከእትዬ ሰምቼ ነበርና። ቡሬ ውስጥ ጠላ ስትሸጥ አገኘኋት፤ ከእኔ ብዙ አታንስም። ያደረግሁትን ሁሉ፥ «ቴፑ ክሩን በላው» ማለቴን ሳይቀር፥ ነገርኋት። ምንም አልመለሰችልኝም፤ «እስቲ አሰማኝ» ብቻ አለች።

እንግሊዝኛው ሲጀምር «ማነው ይኼ የሚጮኸው?» አለች። እኔ ነኝ አልኋት። ማሲንቆው ሲመጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሳትነቃነቅ ሰማች፤ እንደ ገና መልስልኝ አለችኝ፤ መለስሁላት። ከዚያ ስለ መስማት ተነጋገርን። ሰዎች ቢሰሙት እንደማትጠላ ነገረችኝ። «ስሙ ግን ይቅር። በአዝማሪ ልጅነቴ ያየሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። ልጆቼን ድሬያለሁ፤ የልጅ ልጅም አለኝ።» ስም የሌለው ድምፅ ሁለተኛ መቀበር እንደ ሆነ ልነግራት አሰብሁ፤ ደግሞም ይህን ለማለት እኔ ማን ነኝ አልሁና ተውሁት። ትክክል መሆኔን እስከ ዛሬ አላውቅም። አንባቢ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሙን ያላገኘው ስለዚህ ነው።

ተማሪዬ ድምፁን ወደ ፍላሽ ገልብጦ አንዱን ለእርሷ፥ አንዱን ለእኔ አደረገልን። ሲጨርስም «ጋሼ፥ የእርስዎ ሃያ ሁለት ደቂቃ ይቆረጥ?» አለኝ። እርሷን አየኋት። «እኔን አትጠይቀኝ» አለችና ጠላዋን ልትቀዳ ተነሣች። ይቆይ አልሁት።