አንድ ጀሪካን ውሃ፣ አንድ መደብ ጎመን

ልጆቼ፣ በተለይ እናንተ በቅርቡ ጎጆ የወጣችሁ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ በጋ ነው። ወለጋን በክረምቷ ብቻ የሚያውቅ የሩቅ ሰው «እናንተም ውሃ ይቸግራችኋል?» ብሎ ይገረማል። አይፈረድበትም፤ ነቀምቴ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ችግሩ ዝናቡ በዓመቱ ላይ እኩል አለመከፋፈሉ ነው። አብዛኛው ከግንቦት እስከ መስከረም ይወርድና ያበቃል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ምንጩ ይሳሳል፣ የቧንቧው ውሃ በፈረቃ ይሆናል፣ ጎመኑ እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉን ይጥላል። ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ችግር መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ከገበያ በቀር ሌላ መተማመኛ የሌለው ቤት እንዴት እንደሚጨነቅ ሁላችሁም አይታችኋል። ጓሮና ማጀት ተደጋግፈው በጋውን እንዲያወጧችሁ የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የምለው ለብዙዎቻችሁ አይጥማችሁም። በበጋ ጓሮአችሁን አሳንሱ። በክረምት የዘራችሁትን ሁሉ በበጋም ልታቆዩት ከሞከራችሁ ሁሉንም ታጣላችሁ። ፀሐይ በጠናበት ቀን አትክልት ከለበሰ አንድ ካሬ ሜትር መደብ 4 ወይም 5 ሊትር ውሃ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ስለዚህ 20 ሊትር የሚይዘው ቢጫ ጀሪካን የሚያጠግበው 4 ካሬ ሜትር፣ ቢበዛ 5 ካሬ ሜትር ነው። ያችኑ ጀሪካን በ30 ካሬ ሜትር ላይ ብትረጯት የላዩን አፈር አርሳ ሥሩ ጋ ሳትደርስ ትተናለች፤ እናንተም ውሃ ያጠጣችሁ ይመስላችኋል። በኅዳር መጀመሪያ ቁጭ ብላችሁ ወስኑ። በቀን ስንት ጀሪካን ለጓሮ ማውጣት እችላለሁ? አንድ ከሆነ አንድ መደብ ያዙ፤ ሁለት ከሆነ ሁለት። መደቡም ለማጀቱ ቅርብ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ፣ ከባሕር ዛፍ የራቀ ይሁን። ባሕር ዛፍ አጠገብ ያለ መደብን ማጠጣት ዛፉን ማጠጣት ነው።

በዚያች መደብ ላይ የሐበሻ ጎመን፣ ጥቂት ቃሪያ፣ ጥቂት ባሮ ሽንኩርት ይበቃል። ጎመኑን ከሥር ከሥሩ ቀንጥቡ እንጂ ጫፉን አትንኩት፤ ጫፉ ደህና ከሆነ ወራት ያበላችኋል። ሙዙን፣ ቡናውን፣ አቮካዶውን ለገዛ ሥሮቻቸው ተዉአቸው። ገና በዚህ ዓመት የተተከለ ችግኝ ካለ ግን እሱን አትርሱት፤ የመጀመሪያውን በጋ ካለፈ በኋላ ነው ራሱን የሚችለው። ስታጠጡ በማለዳ ወይም ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ፣ በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ቀን አንዴ ጠለቅ አድርጋችሁ፣ ከቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ አጠጡ።

ማጀት ጥግ ሥራ ፈታ የተቀመጠች የሸክላ እንስራ ካለቻችሁ አትጣሏት። ውሃ ሲሞላባት በውጭ በኩል ላብ የምታወጣ ከሆነች ለጓሮ የተፈጠረች ናት። አንገቷ ብቻ እስኪቀር መደቡ መካከል ቅበሯት፣ ውሃ ሙሏት፣ አፏን ክደኑ፣ ዙሪያዋን ጎመን ትከሉ። አፈሩ ሲደርቅ ከሸክላዋ ውሃ እየሳበ ይጠጣል፣ ሲረጥብ ይተዋል። ቻይናውያን ይህን ዘዴ ከ2,000 ዓመት በፊት በእርሻ መጽሐፋቸው ጽፈውታል። እኛ እንስራዋን በጀሪካን ስንተካ ይህን ጥቅሟን አብረን ረሳነው፤ ያሳዝነኛል።

አሁን ስለ ጣሪያችሁ። በአንድ ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ በነቀምቴ ዝናብ በዓመት 80,000 ሊትር ይቀበላል ማለት ነው፤ ሲንጠባጠብና ሲፈስ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 64,000 ሊትር ይቀራል። ይህ ሁሉ ግቢያችሁን እየሸረሸረ ወደ ቦይ ይሄዳል። አብዛኛውን በጋ በቀን አንድ ጀሪካን ለማግኘት የሚያስፈልጋችሁ ግን 2,000 ሊትር የሚይዝ አንድ ሮቶ ነው፤ 100 ቀን ያደርሳችኋል። ሮቶ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። እቁባችሁ ሲደርሳችሁ ከቴሌቪዥኑ በፊት ሮቶውን አስቡ። እስከዚያው 200 ሊትር የሚይዝ በርሜልም 10 ጀሪካን ነው፤ መስከረም ሳያልቅ ይሙላ። በርሜሉን ግን በደንብ ክደኑ። ክፍት ውሃ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው፤ ወደ ደዴሳና ወደ አንገር ቆላ ያላችሁማ ይህን እንደ ቀልድ አትዩት።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ርካሹ ጎተራ አፈሩ ራሱ ነው። ዝናቡ ሳያቆም መደቡን ቆፍራችሁ ፍግና ብስባሽ አስገቡበት፤ ከዚያም ጉዝጓዝ አልብሱት። የሙዝ ቅጠል፣ ሣር፣ የቡና ገለፈት፣ የተገኘው ሁሉ ይሆናል። ጊምቢ አካባቢ ያላችሁ ገለፈቱ በየመፈልፈያው ተከምሮ እያያችሁ ባዶ አፈር ለፀሐይ መተዋችሁ ይከነክነኛል። ገለፈቱን ግን ከርሞ ከበሰበሰ በኋላ ተጠቀሙበት፤ ትኩሱ ይሞቃል።

እዚህ ላይ «ምስጡስ?» የምትሉኝ አላችሁ። ጥያቄአችሁ ትክክል ነው። ምዕራብ ወለጋ፣ በተለይ በነጆ፣ በመንዲና በጃርሶ በኩል፣ ምስጥ የቤት ምሰሶ ሳይቀር የሚበላበት አገር ነው። ሰዎችም «ሣር ካነጠፍን ምስጥ እንጠራለን» ብለው መደባቸውን ራቁቱን ይተዉታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ምስጥ ከለምለም ይልቅ ደረቅ ነገር ይመርጣል። ደረቁን ሁሉ ጠርጋችሁ ካቃጠላችሁ የሚቀርለት ያው በውሃ ጥም የደከመው ሰብላችሁ ነው፤ የደከመ ተክል ደግሞ ቶሎ ይሸነፋል። ስለዚህ ጉዝጓዙን አንጥፉ፤ ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቁት፣ አሳስታችሁ ዘርጉት፣ የእንጨት ስንጥር አትቀላቅሉበት፣ በየጊዜውም እያነሣችሁ ከሥሩ እዩ። የቤታችሁ ግድግዳ ጭቃና እንጨት ከሆነ ከግድግዳው ሥር ፈጽሞ አታንጥፉ።

ምስጥን ለጥቅም ያዋለም ሰው አለ፤ በቡርኪና ፋሶ ሰሜን ያኩባ ሳዋዶጎ የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ድርቅ ሰው አገሩን ጥሎ ሲሄድ እሳቸው ዝናብ ሳይመጣ በበጋው ድንጋይ የሆነውን መሬት ጉድጓድ በጉድጓድ አደረጉት፤ በየጉድጓዱ ፍግና ቅጠል ጨመሩ። ዛይ የሚባለው የአገሬው ዘዴ ነው፤ እሳቸው ጉድጓዱን አስፍተው አሻሻሉት። የጨመሩት ፍግ ምስጥ ጠራ፤ ምስጡ አፈሩን እየበሳ መንገድ ከፈተ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ውሃው በዚያ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሰረገ። መሬቱ እህልም ዛፍም አበቀለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ለዚህ ሥራቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የእኛ ዝናብ ከእሳቸው አገር ዝናብ በብዙ ይበልጣል፤ መደባችሁን ከመሬት ከፍ ከማድረግ ይልቅ በበጋ ዝቅ አድርጋችሁ ጠርዙን ከፍ ብታደርጉት አንዲት ጠብታ ከቦታዋ አትሸሽም።

ስለ አመድም ልናገር። ቀዩ የወለጋ አፈር ኮምጣጣ ነው፤ የግብርና ባለሙያዎች ለገበሬው ኖራ የሚመክሩት ለዚህ ነው። የእንጨት አመድ ይህን ኮምጣጣነት ይቀንሳል፣ ለተክሉም ፖታሺየምና ካልሲየም ይሰጣል። በየጉድጓዱ አንድ እፍኝ ከአፈር ጋር ቀላቅሉ፤ ከዚያ አታብዙ፣ ቅጠልም አታስነኩ። ፕላስቲክና ላስቲክ የተቃጠለበትን አመድ ግን ወደ ጓሮ አታስጠጉ።

ወደ ማጀት እንግባ። አትክልት የታጠበበት፣ ባቄላ የተዘፈዘፈበት፣ ጤፍ ከተቦካ በኋላ ከላይ የተደፋው እርሾ ሳይቀር ወደ ጓሮ የሚሄድበት ባልዲ በር ሥር ይኑር። ጨው የገባበትን የመቀቀያ ውሃ አታፍስሱበት። ኦሞ ያለበት የልብስ እጥበት ውሃ ደግሞ ለሙዝ ይሁን፤ አፈሩ እንዳይደድር ቦታ እየለዋወጣችሁ። ይህ ውሃ ጥሬውን ለሚበላ ሰላጣ በፍጹም አይሁን። የቡና አተላ፣ የድንች ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት ለብስባሹ ጉድጓድ ነው። ይህን ሥራ ለእናት ብቻ አትተዉት፤ ባልዲ ማንሣት ለባልም ለልጅም ይቻላል።

የበጋ ምግባችሁን ግን በዋነኛነት ከመሬት ሥር ጠብቁ። አንጮቴን የመስቀል ቀን በቅቤ ብቻ የምትበሉት የክብር ምግብ አድርጋችሁታል። በሚያዝያና በግንቦት የተተከለ አንጮቴ ከመስከረም ጀምሮ ይደርሳል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን መቆፈር የለባችሁም። የምትበሉትን ያህል ብቻ አውጡ፣ የቀረው መሬቱ ውስጥ ይቆይ፤ ምንም ውሃ አይጠይቃችሁም። ቅጠሉም ለወጥ ይሆናል። ስትቀቅሉ ከነልጣጩ ቀቅላችሁ ከዚያ ላጡት። አሮጊቶቹ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ አንጮቴ ላይ የተደረገ ጥናትም ልጦ ከመቀቀል ይልቅ ከነልጣጩ መቀቀል ካልሲየሙን በመጠኑ የተሻለ እንደሚያቆይ አሳይቷል። በጥሬው በ100 ግራም ወደ 119 ሚሊ ግራም ካልሲየም አለው፤ የተሰበረ ይጠግናል ብለው ለወላድና ለታማሚ የሚሰጡት ያለ ነገር አይደለም። ጎደሬም እንዲሁ መሬት ውስጥ ይጠብቃል፤ እሱን ግን በደንብ አብስሉት፣ ያለዚያ ጉሮሮ ያሳክካል።

በጋ የሚወስደው ብቻ ሳይሆን የሚሰጠውም አለ፤ ያ ፀሐይ ነው። በርበሬው፣ የሽሮው እህል፣ ቃሪያው፣ ኮሰረቱና በሶብላው በዚህ ወቅት ነው የሚሰጣው። የተረፈ እንጀራ እስኪሻግት አትጠብቁ፤ ቆራርሳችሁ አስጡት፣ ድርቆሹ ጎመን በሌለበት ቀን ፍርፍር ይሆናል። ባቄላና አተር ከማታ ዘፍዝፉ፣ ድስቱን ክደኑ፤ ማገዶው በግልጽ ይቀንሳል። እንጀራችሁን በሦስት ጉልቻ የምትጋግሩ ከሆነ «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ የማገዶውን እኩሌታ ገደማ ይቆጥባል። የተረፈው ገንዘብ ለሮቶው ይጠራቀም።

በመጋቢት አንድ ቀን ደመና ይከብድና ካፊያ ይወርዳል። ሁሉም ዘሩን ይዞ ይወጣል። እናንተ አትውጡ። አፈሩን በጣታችሁ ቆፍሩ፤ እርጥበቱ አንድ ስንዝር ካልገባ ዘሩ ጎንቁሎ በሚቀጥለው ፀሐይ ይሞታል። በዚያን ጊዜ የምትሠሩት ሌላ ሥራ አለ፤ ቦዩን ጥረጉ፣ የቆርቆሮውን አሸንዳ ጠግኑ፣ በርሜሉን አጥባችሁ አዘጋጁ። ካስቀመጣችሁት አንጮቴ ትልልቁን ሁለት ሦስቱን አትቆፍሩት፤ ዝናቡ ሲይዝ ራሱ ያቆጠቁጣል፣ ሐረጉ የሚወጣበት እንጨት ትከሉለት፣ ፍሬ ሲያፈራ ዘሩን ለቅማችሁ በአመድ አሽታችሁ አድርቁ። ጎረቤታችሁ ዘር ከሌለው ከእሱ ስጡት።