ሞተሩ ሳይሞቅ

ደላላው የሰጠኝ ምክር አጭር ነበረች። «እህቴ፣ ሰውዬው ሦስት ሰዓት ላይ ይመጣል፤ አንቺ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አስነሺና አሙቂያት። ሌላውን ለእኔ ተይው» አለኝ። ዋሺ አላለኝም። ኪሎ ሜትሩን አስቀንሺ፣ ሰነድ አስለውጪ አላለኝም። ሞተር አሙቂ ብቻ ነው ያለኝ። ሞተር ማሞቅ ደግሞ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ እንዲያውም አባቴ በሕይወት ሳለ ሞተሩ ሳይሞቅ መኪና እያስጓራ ከግቢ የሚወጣ ሰው ሲያይ ይቆጣ ነበር። ታዲያ ያቺ ምክር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣችኝ ለምን ይሆን? አንባቢዬ ታግሦ ቢከተለኝ፣ ይህችን ጥያቄ አብረን እንድንፈትሻት ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1981 የተሠራች፣ በናፍጣ የምትሄድ መርሴዲስ 240 ዲ ናት። አባቴ በ1984 ዓ.ም. ከአገር ከሚወጣ አንድ የውጭ ዜጋ ገዛት። ከዚያ ወዲህ ቦሌ ሚካኤል በሚገኘው ግቢያችን፣ አውሮፕላኖቹ ሲያርፉ ንዝረታቸው በሚሰማበት ቆርቆሮ ጥላ ሥር ኖራለች። የእሷ ዓይነቶች እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 ባለው ጊዜ ወደ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠርተዋል። በጀርመን ከተሞች ታክሲ ሆነው አገልግለዋል፤ ሞሮኮ ውስጥ ደግሞ ከከተማ ከተማ ሰው ጭነው ሲመላለሱ ለዐሥርተ ዓመታት ኖረዋል። ብርታታቸው የተመሰከረ ነው። ብርቱ ማለት ግን የማያረጅ ማለት አይደለም።

አባቴ የሒሳብ መምህር እንጂ መካኒክ አልነበረም። ሆኖም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮፈኑን ይከፍትና፣ ከጣሊያን ዘመን በወረስናቸው ስሞች የሚጠሩትን መሣሪያዎቹን በጨርቅ ላይ ይደረድራል፤ ካቻቢቴውን፣ ፒንሳውን፣ ቡሎን መፍቻውን። የእኔ ሥራ መብራት መያዝ ነበር። የአየር ማስገቢያ ቫልቮቹ ክፍተት አንድ ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ብቻ መሆን እንዳለበት፣ ያም የሚለካው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እንደሆነ ያወቅሁት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። አባቴ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ያኔ መብራት ያዥ የነበርኩት እኔ መፍቻ ያዥ ሆንኩ። በጋዜጠኝነት ዲፕሎማ ተመርቆ፣ ለዚህም ለዚያም መጽሔት በግል እየጻፈ የሚኖር ሰው ጋራዥ ለመመላለስ አቅም የለውምና፣ ዘይቱንም፣ ፊልትሮውንም፣ ቫልቩንም በራሴ እጅ ነው የማየው።

አሁን ወደ ሙቀቱ ነገር ልግባ፤ የጥያቄዬ ሥር ያለው እዚያ ነውና። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ካንዴላ በሚሰጠው የእሳት ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ የለውም። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1893 የባለቤትነት መብት ያገኘበት፣ በ1897 ደግሞ አውግስቡርግ ላይ ሠርቶ ያሳየው ሞተር የቆመው በአንድ የተፈጥሮ ሕግ ላይ ነው፤ አየር በኃይል ሲታመቅ ይግላል። በእኛ መኪና ውስጥ ፒስተኑ አየሩን ከነበረበት ስፋት ወደ 21 እጅ ያህል አሳንሶ ያምቀዋል። ያ አየር እጅግ ከመጋሉ የተነሣ ናፍጣው ሲረጭበት ያለ ክብሪት ይነዳል። ማሞቂያ ካንዴላ የሚባሉት ትንንሽ ብረቶች ያሉትም ለማቀጣጠል ሳይሆን፣ በማለዳ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ለማገዝ ነው።

እንግዲህ ሲሊንደሩ ወይም የፒስተኑ ፋሻ ካለቀ፣ የታመቀው አየር በዳር በዳሩ ያመልጣል፤ ሙቀቱም አብሮት ይሄዳል። በተለይ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ አየሯ በሳሳባት በአዲስ አበባ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ፣ እንዲህ ያለ ሞተር ሲያቃስት፣ ነጭ ጭስ ሲተፋ፣ በስንት መከራ ሲነሣ ይታያል። አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ብረቱ ራሱ ሙቀት ስለሚያበድር ሕመሙ ይደበቃል። በሦስት ሰዓት ላይ ጤነኛ መስሎ የሚያንጎራጉረው ያው በዐሥራ ሁለት ሰዓት ሲያጣጥር የነበረው ሞተር ነው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» የሚለው ተረት ለናፍጣ ሞተር የተነገረ ይመስላል፤ ልዩነቱ ሞተሩ እውነቱን የሚናገረው ንጋት ላይ መሆኑ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ሕመሙን አውቀዋለሁ። በሰኔ የኮምፕሬሽን መለኪያ ተውሼ አራቱንም ሲሊንደሮች ለካሁ። ሦስቱ ከ20 ባር በላይ አሳዩ፤ አንደኛው 13 ላይ ቆመ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቼ በአፉ ላይ ባስቀምጠው፣ ከሥር በሚያመልጠው ትንፋሽ እንደ ምጣድ ላይ ቆሎ ይዘላል። ቴስታታው መውረድ፣ ፋሻው መለወጥ፣ ምናልባትም ሲሊንደሩ መቀረጽ አለበት። ይህን ሁሉ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። መኪናዬን ጋራዥ እየላክሁ፣ ሒሳብ እየከፈልሁ የምኖር ብሆን ኖሮ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጠዋት ትንሽ ታስቸግራለች እንጂ ደኅና ናት» ብዬ በንጹሕ ልብ መሸጥ በቻልኩ ነበር። በራሱ እጅ የሚጠግን ሰው ይህ መሸሸጊያ የለውም። ጥገና ገንዘብ ያተርፋል፤ «አላውቅም» የሚለውን ቃል ግን ይወስዳል።

ደላላውን ለመኮነን አልቸኩልም። ክርክሩ ውኃ የሚቋጥር ነው። «አርባ ዓመት ያለፋት መኪና የሚገዛ ሰው ምን ጠብቆ ይመጣል? መካኒክ ይዞ አይመጣም? ካልጠየቀ ማን ምን አደረገው?» ይላል። ገበያውም ለሻጭ ያደላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ፈላጊ አያጣም። በእኔም በኩል ችግር አለ። እናቴ ጉልበቷን ከታመመች ቆይታለች፤ መኪናዋን ለመሸጥ የተነሣነውም ለሕክምናዋ ነው።

ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ሮማዊው ሲሴሮ ለልጁ በጻፈው ስለ ግዴታ በሚናገር መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ሮድስ በምትባለው ደሴት ረኃብ ገብቷል። አንድ ነጋዴ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል። ሌሎች ብዙ መርከቦች እህል ይዘው ከኋላው እንደሚመጡ ያውቃል፤ የደሴቲቱ ሰዎች ግን አያውቁም። ይንገራቸው ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ሲሴሮ ሁለት ፈላስፎችን ያሟግታል። ዲዮጋን ሻጭ ሕግ የሚያዝዘውን ጉድለት ይናገር እንጂ፣ ከዚያ በላይ ዝም ቢል መደበቅ አይባልም ባይ ነው። አንጢጳጥሮስ ደግሞ፣ ሰው ለሰው የተፈጠረ ከሆነ ገዢው ሊያውቀው የሚገባውን ሁሉ ሻጭ ሊነግረው ይገባል ይላል። ሲሴሮ የሚፈርደው ለሁለተኛው ነው። ዝምታ ሁሉ መደበቅ አይደለም፤ ነገር ግን አንተ የምታውቀውን፣ ለሌላው ማወቅ የሚጠቅመውን፣ ለራስህ ትርፍ ስትል እንዳያውቅ ከፈለግህ ያ መደበቅ ነው ይላል።

የእኛም ሕግ ከዚህ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ያደርገዋል። ሆኖም በእኔና በሕጉ መካከል ማስረጃ የሚባል ነገር አለ። እኔ በሰኔ መለካቴን ማን ይመሰክራል? ውልና ማስረጃ ሄደን ከተፈራረምን በኋላ «እኔ ስሸጣት ደኅና ነበረች» ብል ማን ያስተባብለኛል? ሕግ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው እንግዲህ ሰው ብቻውን የሚቀረው።

አሁን የማፍርበትን ልናገር። በተባለው ቀን በሁለት ሰዓት ተኩል አሞቅኋት።

ገዢው በስድሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚገኙ፣ ኮታቸውን በጥንቃቄ የለበሱ ሰው ነበሩ። እቁብ ደርሷቸዋል። ወንበሩን በእጃቸው ዳሰሱ፤ ስለ ሬዲዮው ጠየቁ፤ ስለ ጎማው ጠየቁ። ኮፈኑ ላይ እጃቸውን አላሳረፉም፤ ቢያሳርፉ ኖሮ ትኩሳቱ ይነግራቸው ነበር። ሞተሩ በሥርዓት ይሠራል። «ከወጣትነቴ ጀምሮ የተመኘኋት መኪና ናት፤ ድምፅዋን ሰማሽ ልጄ? እንደ ሰዓት ናት እኮ» አሉኝ። ደላላው በዓይኑ ጠቀሰኝ። አንድም የሐሰት ቃል አልተናገርኩም። ግን የአባቴን ሙያ ለማታለያ እንዳዋልሁት ያን ጊዜ ታየኝ። ሰውዬው ያልጠየቁኝ እንዳይጠይቁኝ አድርጌ ስላዘጋጀኋት ነው። ጠዋት ብታቃስት ኖሮ ይጠይቁ ነበር። ጥያቄውን አስቀድሜ ያፈንሁት ራሴ ሆኜ ሳለ፣ «አልተጠየቅሁም» ማለት ምን ማለት ነው?

«ነገ ጠዋት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡ፤ እኔ ሳልነካት እርስዎ ያስነሡዋት» አልኳቸው። ደላላው መሬት መሬቱን አየ።

በማግስቱ ከልጃቸው ጋር መጡ። ሞተሪኖው ሦስት ጊዜ ጮኸ። በአራተኛው ተነሣች፤ በሦስት እግሯ እንደምትሄድ በሬ እየተንገዳገደች ግቢውን በነጭ ጭስ ሞላችው፤ ጎረቤታችን የተሰጣ ልብሳቸውን ሰብስበው ገቡ። የለካሁትን ነገርኳቸው፤ ጥገናው ምን ምን እንደሚጠይቅም አልደበቅሁም። ሰውዬው ረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ተማክሬ እመጣለሁ» አሉ። አልመጡም። ደላላውም ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኬን አያነሣም።

ጽሑፌ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔ ንጹሕ ሆኜ እወጣ ነበር። ግን አላለቀም። ወደ ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ወንበሯን አስጠግታ ትጠብቀኝ ነበር።

«ምን አሉ?»

የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። በመጨረሻ «ይህን ሕመሟን መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«በሰኔ።»

«ታዲያ አምስት ወር ሙሉ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም? ሐኪሙ ዘንድ ቀጠሮ ያስያዝሁት እኮ በእሷ ዋጋ ተማምኜ ነው።»

መልስ አጣሁ። ልነግራት ያልፈለግሁት እንዳታዝን ብዬ ነው፤ ቢያንስ ለራሴ የምለው እንዲህ ነው። ዞሮ ዞሮ ግን የማውቀውን፣ እሷ ማወቅ የሚገባትን፣ ለራሴ ዕረፍት ስል ደብቄያታለሁ። ለማላውቃቸው ሰው በአንድ ቀን የከፈልሁትን እውነት ለእናቴ አምስት ወር ሙሉ ነፍጌያታለሁ። ይባስ ብሎ ያን እውነት የከፈልሁት ከእሷ ኪስ ነው። የሲሴሮ ነጋዴ እህሉ የራሱ ነበርና በእውነቱ የሚከስረው ራሱ ብቻ ነው። የእኛ ኑሮ እንዲህ አይደለም። አንድ መኪና የእናትም፣ የልጅም፣ የሟችም ነው። አንዱ ሐቀኛ ሲሆን ሌላው ይከፍላል።

ከዚህ ተነሥቼ እውነት መናገሬ ስሕተት ነበር አልልም። ሰውዬው የእቁባቸውን ገንዘብ ሰጥተው፣ በማግስቱ ማለዳ ብቻቸውን ከመኪናዋ ጋር ቢፋጠጡ ምን ይሰማቸው እንደነበር አስባለሁና። ስሕተቴ እውነቱን ማዘግየቴ ነው። በሰኔ ለእናቴ ብናገር ኖሮ፣ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መሸጥም ሆነ ማስጠገን የሁለታችን ውሳኔ ይሆን ነበር፤ ቀጠሮውም በሌለ ገንዘብ ላይ አይያዝም ነበር። የዝምታን ዕዳ ለመለካት «ተጠይቄያለሁ ወይ?» ማለት አይበቃም። «ይህን ባለማወቁ ነገ ሸክሙን የሚሸከመው ማነው?» ማለት ያስፈልጋል። ይህ ጥያቄ ደግሞ ከገበያ በፊት ከቤት መጀመር አለበት።

ባለፈው ቅዳሜ እናቴ ወንበሯን ቆርቆሮው ጥላ ሥር አስወጣችና ወረቀትና እስክሪብቶ እንዳመጣ አዘዘችኝ። ለሚመጣው ገዢ የሚነበብ ነው። መጀመሪያ ያጻፈችኝ «ጠዋት በግድ ነው የምትነሣው» የሚለውን ነው። ከዚያ የሲሊንደሩን ልክ፣ የጥገናውን ግምት አስከተለች። «ደኅናውንም ጻፊ እንጂ፤ ካምቢዮዋ ምን ሆነ? ፍሬኗስ?» አለችኝ። እሱንም ጻፍሁ። ዋጋውን የቆረጠችው እሷ ናት፤ ደላላው ካለው በጣም ያነሰ ነው። ለሕክምናው የሚጎድለውን ከየት እንደምናመጣ ገና እየተነጋገርን ነው። ሌላ ገዢ ትናንት ደውሎ ሦስት ሰዓት ላይ ልምጣ አለኝ። ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢመጣ እንደሚሻል ነገርሁት።