መሐላውና ልቡ

«አገሬን ካድሁ እንዴ?» ሲል አጎቴ ጠየቀኝ። አሜሪካ በግሪን ካርድ ከአምስት ዓመት በላይ ኖሮ ዜግነት ሲቀበል እጁን አንሥቶ ምሏል። የመሐላው ቃል ደግሞ ቀልድ አያውቅም፤ ቀድሞ ዜጋው ለነበርሁበት መንግሥት ያለኝን ታማኝነት ፈጽሜ ትቻለሁ ያሰኛል። «አፌ እንጂ ልቤ አላለም» ይላል አጎቴ።

ይህ መልስ አይዋጥልኝም። አፍና ልብ ከተለያዩማ መሐላ ምን ይሠራል? ታዲያ ዋሽቷል? ቀስ እንበል። የማለው መንግሥትን ስለ መተው ነው፤ እናትን፣ ቋንቋን፣ የአያትን መቃብር ስለ መተው አንድም ቃል የለበትም። መንግሥትና አገር አንድ ናቸው ያለን ማነው?

የእኛም ሕግ ያመነታል። የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘውን ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ደግሞ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ቢጫ ካርድ ሰጥቶ ያለ ቪዛ ግቡ፣ ሥሩ ይላል፤ መምረጥና መመረጥ ግን የለም። ገንዘቡ ይግባ፣ ድምፁ ይቅር እንደ ማለት ነው።

አጎቴ በዚህ ይቆጣል። እኔ ግን እሟገተዋለሁ፦ ክፉ ሕግ ቢወጣ አንተ ትኬት ቆርጠህ ትሄዳለህ፣ እኛ እንቀራለን። ከሃዲ አይደለህም፤ ዕዳ ግን አለብህ። መውጫ ያለው ሰው መውጫ ለሌለው ወገኑ ያለበት ዕዳ።

«ዕዳውንማ መች አጣሁት» አለኝ። «በግሪን ካርድ እናትን ማስመጣት አይቻልም፤ ዜጋ መሆን ያስፈልጋል። የማልሁት ለዚሁ ነው እኮ።»

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እሱ የትኛውን ዕዳ ያስቀድም?