ኩላሊትን ስለ መስጠት፦ ፍቅር በግድ ይሆናልን?



«ወንድሙ ሲሞት እያየ፥ ካሉት ሁለት ኩላሊቶች አንዱን የሚከለክል ሰው ፍቅር አለው ሊባል ይችላልን?» ይህ ጥያቄ ከጥቂት ዓመታት በፊት በመተማ ቆላ፥ በአንድ የሰሊጥ ገበሬ ቤት ቀርቦልኝ ነበር። ጠያቂዎቼ ግን መልስ አልፈለጉም። ነገሩ በቤተ ዘመድ ሸንጎ ተወስኖ ስለ ነበር፥ በካህን ቃል እንዲጸና ብቻ ይሹ ነበር።

የቤቱ ታላቅ ልጅ ኩላሊቶቹ ሥራቸውን አቁመው በየሳምንቱ በማሽን የደም እጥበት ያስፈልገው ነበር። ለዚህም ከቆላው ወጥቶ በከተማ ቤት ተከራይቶ ተቀመጠ። ወጪው በመጀመሪያ የሰሊጡን ገንዘብ፥ ቀጥሎም ከብቱን ጨረሰ። ሐኪሞች «ከዘመድ ኩላሊት ቢገኝለት ይሻላል» ባሉ ጊዜ ቤተ ዘመዱ መከረ። አንደኛው ወንድም የልጆች አባት ነው ተባለ፤ ሁለተኛው በጉልበቱ የሚያድር ነው ተባለ። ገና ላላገባችው ታናሽ እኅት ግን ምክንያት የሚያቀርብላት አልተገኘም። እናቲቱ ወደ እኔ ቀርበው፥ «አባ፥ እርስዎ ቢነግሯት እሺ ትላለች» አሉኝ። እኔም ስለ ወዳጆቹ ነፍሱን ስለሚሰጥ ሰው ጌታ የተናገረውን አነሣሁላት። እርስዋም አንገቷን ደፍታ ሰማችኝና «እሺ አባ» አለች። ደስ ብሎኝ ተመለስሁ። ዛሬ ይህን የምጽፈው ያ ደስታዬ ስሕተት እንደ ነበረ ስለማምን ነው።

1. ሕክምናው

ስለ አንድ ነገር መልካምነት ከመፍረድ በፊት ነገሩን ማወቅ ይገባል። የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው ታኅሣሥ 14 ቀን 1947 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በቦስተን ከተማ ነው። ዶክተር ጆሴፍ መሪ የሮናልድ ሄሪክን አንድ ኩላሊት ለመንትያ ወንድሙ ለሪቻርድ ተከሉለት። ወንድማማቾቹ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለ ነበሩ፥ የሪቻርድ ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አልቈጠረውም። ሪቻርድ ስምንት ዓመት ያህል ኖረ፤ ሮናልድ በቀረለት አንድ ኩላሊት ከሃምሳ ዓመት በላይ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2010 አረፈ። ዶክተር መሪ ካቶሊካዊ ነበሩ። ለራሱ ለሥጋው ምንም በማይጠቅመው ቀዶ ሕክምና ጤነኛውን ሰው መቁረጥ ይገባ እንደ ሆነ ስላሳሰባቸው፥ አስቀድመው የልዩ ልዩ ሃይማኖት አባቶችን አማክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ከዚያ ወዲህ ሕክምናው እጅግ ተራምዷል። አዲሱ ኩላሊት የሚተከለው በታችኛው ሆድ በኩል ሲሆን፥ የታመሙት አብዛኛውን ጊዜ ባሉበት ይተዋሉ። ተቀባዩ ሰውነቱ ባዕዱን አካል እንዳይዋጋ የሚያደርግ መድኃኒት ኩላሊቱ እስከሚሠራ ድረስ በየዕለቱ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ የዋለው ሳይክሎስፖሪን የተባለው መድኃኒት መንትያ ላልሆኑትም ተስፋን ከፍቷል። ዛሬ በሠለጠኑ ማእከላት በሕይወት ካለ ሰው ከተወሰዱት ኩላሊቶች ከ100 ውስጥ ከ95 የሚበልጡት ከአንድ ዓመት በኋላም በመሥራት ላይ ይገኛሉ፤ ብዙዎቹም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላሉ። ይሁን እንጂ ዘላለማዊ አይደሉም።

ጉበት ደግሞ ልዩ ጸጋ አለው፤ ከፊሉ ቢቈረጥ የቀረው ክፍል በጥቂት ወራት ውስጥ ያድጋል። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሕይወት ያለ ሰው የጉበቱን ክፍል መስጠት ችሏል፤ ነገር ግን ለሰጪው ያለው አደጋ ኩላሊት ከመስጠት የበለጠ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በመስከረም 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማእከል ተከፍቶ፥ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በመተባበር በሕይወት ካሉ ዘመዶች በሚሰጥ ኩላሊት አገልግሎት ጀመረ። ቀድሞ አቅም ያለው ብቻ ሰጪውን ይዞ ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ይሄድ ነበር። ሰጪው ከዘመድ መሆኑ በጎ ነው፤ ነገር ግን ጥያቄው ወደ ሩቅ ሰው ሳይሆን ወደ ገዛ ማጀታችን ይገባል ማለት ነው።

የሰጪውስ ነገር እንዴት ነው? በአሜሪካ ከ80,000 የሚበልጡ ሰጪዎችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት፥ ከ10,000 ሰጪዎች 3 ያህሉ በቀዶ ሕክምናው ሰሞን እንደ ሞቱ ያመለክታል። አደጋው ጥቂት ነው፤ ግን ከንቱ አይደለም። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የካናዳ ጥናት፥ ኩላሊት ከሰጡ በኋላ ካረገዙት ሴቶች ከ100 እርግዝና በ11ዱ ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የደም ግፊት ሲታይ፥ ካልሰጡት በ5ቱ ብቻ እንደ ታየ ይገልጻል። እንግዲህ እኛ «ገና አላገባችምና እርስዋ ትስጥ» ስንል የተናገርነው ምን ያህል ያለ ዕውቀት እንደ ነበረ አስተውሉ።

2. የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ቀደም ባሉት ዘመናት አንዳንድ የነገረ መለኮት ሊቃውንት እንዲህ ብለው ይከራከሩ ነበር፦ አካልን መቍረጥ የሚፈቀደው የዚያኑ ሰው ሕይወት ለማዳን ብቻ ነው፤ የበሰበሰ እግር ይቈረጣል፤ ጤነኛውን አካል ግን ለሌላ ሰው ብሎ መቍረጥ አይገባም። ሌሎች ደግሞ በፍቅር ሕግ መለሱ፦ ሰው አካሉን ሳያፈርስ ከአካሉ ሊሰጥ ይችላል። ሁለት ኩላሊት ያለው አንዱን ቢሰጥ የኩላሊት ሥራ በእርሱ ዘንድ አይጠፋም። ሕይወቱን የሚያጠፋ ወይም አካሉን ሥራ የሚያስፈታ ስጦታ ግን አልተፈቀደም።

ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1956 ከሞቱ ሰዎች ስለሚወሰድ የዓይን ብሌን ተናገሩ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊም እ.ኤ.አ. በ1995 ስለ ሕይወት ወንጌል በጻፉት መልእክት አካልን በተገቢ ሥርዓት መስጠትን ከዕለታዊ ጀግንነት ሥራዎች ጋር ቈጠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ሮም ላይ ለንቅለ ተከላ ሊቃውንት ባደረጉት ንግግርም የሰው አካል እንደ ሸቀጥ ሊሸጥ እንደማይገባ፥ ሰጪውም ሁሉን ተረድቶ በነጻነት ሊወስን እንደሚገባ አስተማሩ። እንግዲህ ሦስት ነገሮች ይፈለጋሉ፤ የሰጪው አደጋ ከተቀባዩ ጥቅም ጋር የተመጣጠነ መሆን፥ ሽያጭ አለመኖር፥ የፈቃድ ነጻነት። የመጀመሪያውን ሐኪም፥ ሁለተኛውን ሕግ ይጠብቀዋል። ሦስተኛውን የሚያፈርሱት ግን ብዙውን ጊዜ ሰጪውን የሚወዱት ሰዎች ናቸው።

3. ትእዛዝና ምክር

በትምህርተ ክርስቶስ ትእዛዝና ምክር የተለያዩ መሆናቸውን እንማራለን። ትእዛዝን መተላለፍ ኃጢአት ነው፤ ምክርን ግን የሚከተለው ይመሰገናል፥ ያልተከተለው አይኰነንም። በክረምት ጓንግ ወንዝ ሞልቶ ሰው ሲወስድ በዳር የቆመው ገመድ መወርወር ግዴታው ነው፤ ገመድ በእጁ ይዞ ዝም ቢል በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቃል። ወደ ጎርፉ ዘሎ የሚገባ ግን ከግዴታው በላይ አደረገ። ያልዘለለውን ነፍሰ ገዳይ የሚለው ማን ነው? ሰውየውን የወሰደው ወንዙ ነው።

«እንግዲያው ሁሉ ሰው በዳር ይቁም ማለትህ ነውን?» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። ለታመመ ወንድም ጊዜን፥ ገንዘብን፥ አስታማሚነትን መከልከል ብርቱ በደል ነው። ኩላሊት መስጠትም የተቀደሰ ሥራ ነው፤ በእርግጥም በነጻነት የሰጡ ብዙዎች ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። ነገር ግን ሰው ከአካሉ ሊሰጥ መጠራቱን የሚሰማው በገዛ ሕሊናው ነው፤ በአጎቱ ወይም በካህኑ ጩኸት አይደለም። «እምቢ» ማለት የማይችል ሰው «እሺ» ማለትም አይችልም። ከእርሱ የተወሰደው ግብር ነው እንጂ ስጦታ አይደለም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንኳ በአንቀጽ 19፥ አካሉን ለመስጠት የተስማማ ሰው በማናቸውም ጊዜ ፈቃዱን ሊሽር እንደሚችል ደንግጓል። ሕግ የሰጠውን ነጻነት እኛ በቡና ሰዓት እንነጥቃለንን?

4. የሐኪሙ ቃል

ልጅቱ ወደ ሐኪም ቤት በሄደች ጊዜ ሐኪሙ ቤተ ዘመዱን አስወጥቶ ብቻዋን አነጋገራት። እርስዋም አለቀሰችና «እፈራለሁ፤ ግን ማንም አልጠየቀኝም» አለችው። ሐኪሙ ወጥቶ ለቤተሰቡ «ለመስጠት የምትሆን አይደለችም» ብሎ ብቻ ነገራቸው። ይህን ራሷ በኋላ በነገረችኝ ጊዜ፥ ሐኪሙ ዋሸ ወይስ አልዋሸም እያልሁ ብዙ አሰብሁ። ደምዋ አይስማማም ወይም ኩላሊቷ ታሟል ብሎ ቢሆን ኖሮ ሐሰት ነበር። እርሱ ግን ይህን አላለም። ለሰጪነት ከሚፈለጉት ነገሮች አንዱ ነጻ ፈቃድ ከሆነ፥ ፈቃዷ ያልተገኘ ሰው በእውነት ለመስጠት የምትሆን አይደለችም። ምክንያቱን መሰወሩም የሙያ ምስጢርን መጠበቅ ነው። ካህን የሆንሁት እኔ ያልጠበቅሁላትን ሕሊና ሐኪሙ ጠበቀላት።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ወንድሟ ከጊዜ በኋላ አረፈ። በለቅሶው ላይ «ጤነኛ ኩላሊት እያለ» የሚል ሹክሹክታ ተሰማ። እርስዋም ሰማች። እኔ በዚያ ነበርሁ፤ ሊቃወም የሚገባው የእኔ አንደበት ዝም አለ። በኋላ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «አባ፥ እኔም እኮ እወደው ነበር» አለችኝ እንጂ ሌላ አልጨመረችም።

5. ስለ ሽያጭ

የምንኖርበት ዳርቻ ሌላም ፈተና አለበት። መተማ ወደ ሱዳን፥ ከዚያም ወደ ግብፅና ወደ ሊቢያ የሚሻገሩ ወጣቶች መንገድ ሆናለች፤ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሱዳን በተነሣው ጦርነት ምክንያት ደግሞ ብዙ ስደተኞችና ተመላሾች በዚሁ በር ገብተዋል። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ2010 የአካል ሽያጭን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች፤ ሆኖም በ2011 በዚያች አገር ኩላሊታቸው በማታለልና በማስገደድ ስለ ተወሰደባቸው ሱዳናውያን ስደተኞች ዘገባ ወጥቷል። ዕዳ ያለበትና ወረቀት የሌለው ሰው «ፈቀድሁ» ቢል ፈቃዱ ከልጅቱ «እሺ» አይሻልም፤ እርስዋን ያስጨነቃት ይሉኝታ ነው፥ እርሱን ድህነት ነው። ለመሻገር የሚያስቡ ልጆቻችንን ይህን አስቀድመን እንንገራቸው።

6. ለካቴኪስቶች

ስለዚህ፥ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፥ በቁምስናችሁ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሲያጋጥማችሁ፦ በመጀመሪያ ሰጪ እንዲሆን የታሰበውን ሰው ለብቻው አግኙት፤ በሽማግሌ ፊት አትጠይቁት። ሁለተኛ፥ የወንጌልን ቃል ለማስገደጃ አታድርጉት። ሦስተኛ፥ ሴቶች ልጆችን አስቡ፤ በብዙ አገሮች በሕይወት ሳሉ ኩላሊት ከሚሰጡት የሚበዙት ሴቶች ናቸውና፥ ይህ ከፍቅር ብቻ ነው ወይስ እምቢ ማለት ስለማይፈቀድላቸው ነው ብላችሁ ጠይቁ። አራተኛ፥ የሰጠውን ሰው ከሰጠ በኋላ አትርሱት፤ ከባድ ሥራ እንዳይሠራ እስኪያገግም ድረስ እርሻውን ዕድርተኛው ይረስለት፥ ምርመራውንም እንዳያቋርጥ አግዙት። አምስተኛ፥ ያልሰጠውን በለቅሶ ቤት ከሚወቅሱት ጋር አትተባበሩ፤ እንደ እኔም ዝም አትበሉ።

ጌታችን ሥጋውንና ደሙን ሲሰጠን ማንም አላስገደደውም፤ በፈቃዱ ሰጠ እንጂ። እርሱ የሰጠንን ነጻነት እኛም ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን እንድንተውላቸው ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።