የድልድዩ ገመድ

አንድ አናጢ ከመንደሩ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ በወንዙ ላይ የእንጨት ድልድይ ሠራ። ሳንቃዎቹን ደርድሮ ሲጨርስ ግራና ቀኙን ወፍራም ገመድ ወጠረበት። 20 ዓመት ሙሉ ሰው ተመላለሰበት፤ ወንዝ የገባ አልነበረም።

መካከል ላይ ግን በሩጫ ሲረግጧት የምትሸሽ አንዲት ሳንቃ ነበረች። መንገደኛው ሳንቃዋ ስትከዳው ገመዱን ጨበጥ አድርጎ ያልፋል። ለአናጢው ማን ይነግረዋል? የወደቀ የለ።

አናጢው አረጀ፤ ድልድዩም አረጀ። ከተማ ሄዶ ሙያውን የተማረው ልጁ፣ መጋዙ ስለታም፣ ውሃ ልኩ አዲስ፣ እጁም ፈጣን ነበር። አዲሱን ድልድይ ሲሠራ የአባቱን የሳንቃ አደራደር እንዳለ ወሰደው። ገመዱን ግን ተወው። «ማንም ወድቆ አያውቅም፤ ገመድ ምን ያደርጋል?» አለ።

ክረምት ሲገባ አንዲት ሴት ወደቀች። ልጁ ተጠርቶ ፀሐይ በወጣበት ቀን መጣ። እያንዳንዷን ሳንቃ ረገጥ ረገጥ እያደረገ፣ ዝግ ብሎ ተሻገረና ተመለሰ። «ድልድዩ ደህና ነው። አዳልጧት ይሆናል» ብሎ ሄደ። አልዋሸም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ከዚያ አንድ እረኛ ወደቀ። ልጁ ያንኑ መለሰ።

ከወንዙ ዳር የሚኖሩ አንዲት እናት የእረኛውን ልብስ እሳት ዳር እያደረቁ፣ «ልጄ፣ እንዴት እየሄድህ ነበር?» ሲሉ ጠየቁት። ዝናብ እንዳይቀድመው ሲሮጥ እንደነበር ነገራቸው። በማግስቱ ወገባቸውን በገመድ ከዋርካው ጋር አስረው ድልድዩን በሩጫ ይመላለሱበት ጀመር። በሰባተኛው ሩጫ ሳንቃዋ ሸሸች። ወጣቱን አናጢ አስጠሩት። ሲመጣ ገመዱን ከወገባቸው ፈትተው ሰጡት።

ይህን ምሳሌ የሶፍትዌር ንድፍ ለሚማሩ ወጣቶች የምነግራቸው ቴራክ-25 የተባለውን የካንሰር ጨረር ሕክምና ማሽን እያሰብኩ ነው። በካናዳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ድረስ በካናዳና በአሜሪካ ስድስት ሕመምተኞችን ከመጠን እጅግ ባለፈ ጨረር መታ፤ የሞቱም አሉ። ቀደም ሲል የነበረው ቴራክ-20 ከሶፍትዌሩ ውጭ የሆነ፣ ጨረሩን የሚያግድ መከላከያ ነበረው። በአዲሱ ማሽን ላይ ያ ቀርቶ ጥበቃው ለሶፍትዌሩ ብቻ ተተወ። በኋላ ሲታይ ከስህተቶቹ አንዱ በቴራክ-20ም ውስጥ ኖሯል። ፊውዝ እየተቃጠለ ሕመምተኛውን ስለሚያድነው ማንም ልብ አላለውም።

ሥዕላዊ ንድፉን፣ የኮድ ግምገማውን፣ የሙከራ መሣሪያውን ጠንቅቆ መማር ግድ ነው፤ ያለ ውሃ ልክ የተሠራ ድልድይ ከዚህም የከፋ ይሆናል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሰው ተጎዳሁ ብሎ ሲመጣ ባለሙያው የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ ነው። የሙያ ሥነ ምግባር የሚፈተነው እዚያ ላይ ይመስለኛል። «እኔ ጋ ይሠራል» ማለት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ወጣቱ አናጢም ያለው ይህንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 1986 በቴክሳስ ታይለር ከተማ አንድ ሕመምተኛ በቴራክ-25 ተጎዳ። የአምራቹ ኩባንያ መሐንዲሶች ፈትሸው ስህተቱን ሊደግሙት ስላልቻሉ፣ ማሽኑ ከመጠን በላይ ጨረር ሊሰጥ አይችልም አሉ። ማሽኑ ወደ ሥራ ተመለሰ። በሚቀጥለው ወር ሌላ ሰው ተመታ። ያን ጊዜ የሆስፒታሉ የፊዚክስ ባለሙያ ፍሪትዝ ሄገር ከማሽኑ ኦፕሬተር ጋር ተቀምጦ፣ በዕለቱ የነካካችውን ቁልፍ ሁሉ ደግመው ደጋግመው ሞከሩት፤ ስህተቱም ተገለጠ። ኦፕሬተሯ አንዲት ፊደል ተሳስታ በ8 ሰከንድ ውስጥ ካረመችው እርማቱ ስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ማሽኑ ግን በትክክል ሳይስተካከል ይቀራል። ሄገር ለኩባንያው ደውሎ አስረዳ። መሐንዲሱ ሞክሮ አልሆነልኝም አለው። ሄገርም በፍጥነት መጻፍ እንዳለበት ነገረው።