ለአካለ መጠን የደረሰን ልጅ መቅጣት እስከ ምን ድረስ ይገባል?

በወጣቶች መካከል ብዙ ጊዜ የሚነሣ፣ በወላጆች ፊት ግን ደፍሮ የሚናገረው የጠፋ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ወላጅ ሃያ ዓመት ያለፈውን ልጁን እስከ ምን ድረስ ሊቀጣ ይገባዋል? የሚለው ነው። ይህን ስናነሣ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንደምንባል እናውቃለን። ሆኖም ነገሩ የእኛም ነው። ቅጣቱ ዛሬ የሚያርፈው በእኛ ላይ ነው፤ ነገ ደግሞ ቀጪዎቹ እኛው ነን።

ወላጆችን በቅን ልቡና ስናዳምጣቸው ክርክራቸው ቀላል አይደለም። ወልደን፣ አጥበን፣ ከአፋችን ነጥቀን አስተምረን፣ ዛሬ ልጃችን ሲሰክርና ሲቆምር ዝም ብለን እንይ? ይላሉ። ከአንድ መሶብ እስከ ቆረሰ ድረስ በቤቱ ሥርዓት ይደር ይላሉ። ልጆች ደግሞ እንመርጣለን፣ የራሳችን መታወቂያ አለን፣ ብናጠፋ በፍርድ ቤት የምንጠየቀው እኛው እንጂ አባታችን አይደለም፤ ታዲያ እቤት ስንገባ ብቻ ስለ ምን ሕፃን እንሆናለን? እንላለን። ሁለቱም ወገን እውነት አለው፤ ሁለቱም ግን የሚናገረው ግማሹን ነው።

ልጅነት የሚያበቃው መቼ ነው?

የሕጉ መልስ አጭር ነው። የፌደራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ሆነ የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. ያወጣው የቤተሰብ ሕግ የአካለ መጠንን ወሰን 18 ዓመት አድርገውታል። የፌደራሉ ሕግ አሳዳሪ ለልጁ አስተዳደግ የሚያስፈልገውን የእርምት እርምጃ ሊወስድ እንደሚችል ሲናገር፣ የሚናገረው አካለ መጠን ስላላደረሰ ልጅ ነው። እንግዲህ በሕግ ዘንድ 18 ዓመት የሞላው ሰው ይመከራል፣ ይለመናል፣ ይወቀሳል እንጂ ቀጪ አሳዳሪ የለውም።

የአገራችን ልማድ ግን ልጅነትን በዓመት አይቆጥርም፤ የሚለካው ጎጆ በመውጣት ነው። ልጁ አግብቶ፣ በሬ ተሰጥቶት፣ መሬት ተቆርሶለት ጎጆ ሲወጣ ሰው ሆነ ይባላል። ከዚያን ቀን ወዲህ አባቱ ይመክረዋል፣ ይቆጣዋልም፤ በገዛ ደጁ፣ በሚስቱ ፊት ግን ዱላ አያነሣበትም። ስለዚህ የጥንቱ የአባት ሥልጣን ብርቱ ቢሆንም መጨረሻው የታወቀ ነበር።

ዛሬ የጠፋው ይህ መጨረሻ ነው። ለምን እንደ ጠፋ ለማወቅ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ መሬት በገበሬ ማኅበር በኩል ይከፋፈል ስለ ነበር፣ ወጣቱ አባቱን ብቻ አይጠብቅም ነበር። በአማራ ክልል በብዙ ወረዳዎች በ1989 ዓ.ም. እንደገና መሬት ተደለደለ። ከዚያ በኋላ ለተወለድነው ግን በስጦታ ወይም በውርስ ከወላጅ የሚመጣው ካልሆነ በቀር መሬት የምናገኝበት መንገድ ጠባብ ነው። ከሙከጡሪ ወደ ዓለም ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ ከጀማ ሸለቆ በላይ በምትገኘው በለሚና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ይህ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ጥቂት ጥማድ ያለው አባት ለአራት ልጆች ምን ይቆርሳል? ዲግሪውን ይዞ የተመለሰውም ሥራ እስኪያገኝ በአባቱ ቤት ይቀመጣል። በሕጉ ከሰባት ዓመት በፊት ለአካለ መጠን የደረሰ የ25 ዓመት ጎልማሳ፣ በልማዱ ገና ጎጆ ያልወጣ ልጅ ነው። አባቱ መጨረሻ የሌለው ሥልጣን በእጁ ገብቷል፤ ልጁም መጨረሻ የሌለው ልጅነት ተጭኖበታል። በየቤቱ የምንሰማው ጠብ ሁሉ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ ብዙው ከዚህ የመጣ ነው።

መጨረሻ የሌለው ሥልጣን ወዴት እንደሚያደርስ የጥንት ሮማውያን ታሪክ ያሳየናል። በሕጋቸው አባት በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ልጁ ሸብቶ የራሱን ልጆች ቢወልድም እንኳ፣ ከአባቱ ሥልጣን በታች ነበር። ልጁ ያገኘው ሀብት ሁሉ የአባቱ ነበር። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ግን ወታደር የሆነ ልጅ በአገልግሎቱ ያገኘው ሀብት የራሱ እንዲሆን ተፈቀደ። ያን ያህል ጠንካራ የነበረው ሕግ እንኳ ጎልማሳው በላቡ ባገኘው ነገር ላይ የአባት እጅ መቆም እንዳለበት ለማመን ተገደደ። ይህ ነገር ከእኛ የራቀ አይደለም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ ከተመረቀ ወዲህ ደመወዝ የሚቆጥር ልጅና መሬት የሚጠብቅ ልጅ በአንድ ቤት ሊያድሩ ይችላሉ። ደመወዙ የማን ነው? የሚለው ጥያቄም አብሮ ይመጣል።

ሦስቱ መቅጫዎች

ለአካለ መጠን በደረሰ ልጅ ላይ ወላጆች የሚያነሡአቸውን መቅጫዎች በሦስት እንከፍላቸዋለን፤ ዱላ፣ እርግማንና በር።

ሀ. ዱላ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅን፣ ተማሪንና አገልጋይን በመጠኑ መምታትን እንደ ጥፋት አልቆጠረውም ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣት እንዲጠበቁ ደንግጓል። ስዊድን ከዚህ አስቀድማ፣ በ1971 ዓ.ም.፣ በቤት ውስጥም ቢሆን ወላጅ ልጁን እንዳይመታ ከልክላለች። ለሕፃኑ ይህን ያህል ከታሰበለት ጎልማሳውን መምታት በምን ይደገፋል? «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይባላል። ምሳሌው ለዱላ ጠበቃ ሆኖ ይጠቀስ እንጂ ልብ ብለን ብንሰማው ሌላ ነገር ይናገራል። ቅጣትን በልጅነት፣ ቁጣን በኋለኛው ዕድሜ አስቀምጦታል። በሕፃንነቱ በአግባቡ የታረመ ሰው ሲያድግ ቃል ይበቃዋል ማለት ነው። ቃል ያልመለሰውን የ23 ዓመት ወንድ ዱላ አይመልሰውም፤ ወይ ያዋርደዋል፣ ወይ እጁን በአባቱ ላይ ያስነሣዋል። ሁለቱም የቤት መፍረስ ነው።

ለ. እርግማን። በእኛ አገር ከዱላ ይልቅ የሚፈራው ይህ ነው። አባት ወይም እናት በንዴት ሰዓት የተናገሩት ቃል ልጁን ዕድሜውን ሙሉ ይከተለዋል። ታምሞ ያስበዋል፤ ንግዱ ሲከስር ያስበዋል፤ ልጁ ሲሞትበት ያስበዋል። ቅጣት የሚባለው ነገር ልክና መጨረሻ አለው፤ እርግማን ግን ሁለቱም የሉትም። የተናገረው አባት ሳይታረቅ ቢሞት ማን ያነሣዋል? ስለዚህ ወላጅ ልጁን ሊያርመው ከፈለገ፣ ራሱ መልሶ ሊያነሣው በማይችለው ነገር አይቅጣው እንላለን።

ሐ. በር። በር ስንል ከቤት ማስወጣትን፣ ገንዘብና መሬት መከልከልን፣ ከውርስ መንቀልን ማለታችን ነው። ይህኛው እንደ ሁለቱ በአንድ ቃል የሚወገዝ አይደለም። ወላጅ ለመጠጥና ለቁማር ገንዘብ አልሰጥም ቢል መብቱ ነው። እናቱን የሚመታ፣ የቤቱን ዕቃ እየሰረቀ የሚሸጥ ልጅ ከቤት ቢወጣ ታናናሾቹን ማዳን ነው። የሚከፋው ያለ ምክንያት፣ ወይም ለሌላ ምክንያት ሲዘጋ ነው። «እኔ የመረጥኩልህን ካላገባህ»፣ «እኔ ያልኩህን ትምህርት ካልተማርክ»፣ «ደመወዝህን አምጥተህ ካላስረከብክ» መሬቱን እርሳው ማለት የልጁን ጥፋት አያርምም። ይህ የልጁን ሕይወት በመሬት መግዛት ነው። እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ የሚያስተምረን አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አባት ልጁን በኑዛዜ ከውርስ ለመንቀል ሲፈልግ፣ የነቀለበትን ምክንያት በኑዛዜው ውስጥ መግለጽ አለበት፤ ዳኞችም ምክንያቱ የሚበቃ መሆን አለመሆኑን ይመለከታሉ። ሊሞት የተቃረበ አባት እንኳ ምክንያቱን ተናገር ከተባለ፣ በሕይወት ያለው አባት ምክንያቱን ለልጁ ቢነግር ክብሩ ይቀንስበታልን?

ከመጽሐፍ የምናገኘው ምሳሌ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 21 ስለ እልከኛ ልጅ የተጻፈውን ሕግ የማያውቅ የለም፤ ቅጣቱም እጅግ ከባድ ስለሆነ ብዙዎች ያነሡታል። ነገር ግን አባት ብቻውን፣ እናትም ብቻዋን ሊፈርዱ አልተፈቀደላቸውም። ሁለቱም ተስማምተው፣ አስቀድመው ገሥጸውት፣ በከተማው በር በሽማግሎች ፊት ማቅረብና ጥፋቱን መናገር ነበረባቸው። በዚያ በጨካኝ ዘመን እንኳ የወላጅ ቁጣ በቤት ውስጥ ብቻውን እንዲፈርድ አልተተወም።

ደግሞም በቀዳማዊ ሳሙኤል የተጻፈው የዔሊ ታሪክ ለእኛ ለልጆች እንዲመች ሆኖ አልተጻፈም። ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ሕፃናት አልነበሩም፤ በመሥዋዕቱ የሚበድሉ፣ በሕዝቡ ላይ የሚሠለጥኑ ጎልማሶች ካህናት ነበሩ። አባታቸው በቃል ወቀሳቸው እንጂ ከሹመታቸው አላነሣቸውም፤ በዚህም ተፈረደበት። ስለዚህ ልጄ አድጓልና አያገባኝም የሚል ወላጅም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ወላጅ የጎልማሳ ልጁን ጥፋት በገንዘቡ፣ በዝምታው ወይም በሐሰት ምስክርነቱ መሸፈን የለበትም። ልጁ ሰው ደብድቦ ሲሸሽ ማሳበቂያ መሆን ፍቅር አይደለም።

እንግዲህ ልኩ ምንድን ነው?

ከላይ ካየናቸው ተነሥተን አራት መለኪያ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ምክንያቱ ለልጁ ይነገረው። ሁለተኛ፣ አባትና እናት ይስማሙበት፤ አንዱ የሚዘጋውን ሌላው በጓሮ የሚከፍትበት ቅጣት ልጁን ተንኰል ብቻ ያስተምረዋል። ሦስተኛ፣ መጨረሻ ይኑረው፤ ምን ሲያደርግ እንደሚመለስ ልጁ ይወቅ። አራተኛ፣ ልጁ የሚሰማው ሰው ያግኝ፤ የንስሐ አባት፣ አጎት ወይም የጎረቤት ሽማግሌ በመካከል ይቀመጥ። በእነዚህ የማያልፍ ቅጣት ንዴት ነው እንጂ ተግሣጽ አይደለም።

መለኪያው ለሴት ልጅም አንድ መሆን አለበት። ወንዱ ሲያመሽ «ወንድ ነው» ተብሎ በሩ ይከፈትለታል፤ እኅቱ ስታመሽ ትደበደባለች። ከዓረብ አገር ገንዘብ ልካ የቤቱን ቆርቆሮ ያስለወጠች ልጅ ተመልሳ ስትመጣ ማንን እንደምታገባ አትጠየቅም፤ ይነገራታል። ሕጉ ግን ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ነፃ ፈቃድ ጋብቻ የለም ይላል። አንዱን ጥፋት በሁለት ሚዛን የሚመዝን ቤት ስለ ሥርዓት ሊናገር አይችልም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በአባታችን ቤት ተቀምጠን፣ የእናታችንን እንጀራ በልተን፣ በአጨዳ ቀን ተኝተን የምንውል ከሆነ፣ ጎልማሳ ነኝና አትናገሩኝ ማለት አያምርብንም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ሐሰት የምናደርገው በክርክር አይደለም፤ አቡክተን በማሳየት ነው። ደመወዝ ያለን ደመወዙ የራሳችን ነው ስንል የቤቱን ወጪ መካፈልም የራሳችን ነው። ወዴት እንደምንሄድ፣ መቼ እንደምንመለስ መናገር የሚጠብቀን ሰው እንዳለ ማሰብ ነው እንጂ ሕፃንነት አይደለም። ሕጉም ቢሆን ወላጅና ልጅ በችግር ጊዜ አንዱ ሌላውን ሊረዳ ግዴታ እንዳለበት ይናገራል። የወላጅ የመቅጣት ሥልጣን በ18 ዓመት ያበቃል፤ የልጅ ወላጅን የመጦር ዕዳ ግን ያን ጊዜ ገና መጀመሩ ነው።

መሬቱ ሰፍቶ ሁላችንም በጊዜው ጎጆ የምንወጣበት ዘመን ቶሎ ላይመጣ ይችላል። ስለዚህ ልጅነት የሚያበቃበትን ቀን መሬት እስኪወስንልን አንጠብቅ፤ ወላጆችና ልጆች ተቀምጠን በቃል እንወስነው። አባት «ከዛሬ ጀምሮ እመክርሃለሁ እንጂ አላዝህም» ቢል፣ ልጅም «ከዛሬ ጀምሮ ለቤቱ የሚገባኝን እሠራለሁ፣ ምክርህንም ሳልሰማ አልወስንም» ቢል፣ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩም ቢሆን ጎጆ መውጣት ነው። እንዲህ ያለው ቃል በእኛ በየቤታችን እንዲጀመር፣ በሚቀጥለው ጉባኤያችንም ወላጆች ባሉበት እንድንወያይበት እናሳስባለን።