ዕዳው በምን ይሰፈር?

አማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ አንድ ችግር እንደተፈራው ሳይከብድ ሲቀር «ዕዳው ገብስ ነው» ይላል። አባባሉ የገበሬ በመሆኑ ስለ ዕዳ ባሕርይ ቁም ነገር ይዟል። ዕዳ የሚከብደው በብዛቱ ብቻ አይደለም፤ በምን እንደሚከፈልም ክብደቱን ይወስነዋል። ባለዕዳው ማሳው ከሰጠው፣ በሰጠው ልክ እንዲከፍል ቢጠየቅ ይከፍላል። የሌለውን ጤፍ አምጣ ከተባለ ግን በሬውን ይሸጣል፤ በሬውን የሸጠ ገበሬም ለከርሞ የሚያርስበት የለውም።

የዲዛይን ትምህርት ለመማር የሚገባበት ዕዳ በኋላ ከሚገኘው ገቢ ጋር ሲመዛዘን ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ይህ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚነሣ ጥያቄ በዚሁ የገበሬ ማስተዋል ሊመረመር ይገባዋል።

በአሜሪካ አንዳንድ የግል የሥነ ጥበብና የዲዛይን ኮሌጆች ለትምህርቱ ብቻ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላሉ። በአንፃሩ በ2023 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ግራፊክ ዲዛይነሮች መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 59 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ ግማሾቹ ከዚያ በታች ያገኙ ነበር ማለት ነው። የተማሪ ብድር በኪሳራ እንኳ በቀላሉ አይሰረዝም። በተለይ ከግል አበዳሪ የወሰደ ተመራቂ ደመወዙ ቢያንስም ቢበዛም የተቆረጠበትን በየወሩ መክፈል አለበት። በእንዲህ ያለው ሁኔታ ለድኻ ልጅ «ጥበብ በገንዘብ አይተመንም፤ ዝም ብለህ ተማር» ብሎ መምከር የሌላውን ሰው በሬ እንደ ማሸጥ ነው።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ ራሱ ጎደሎ ነው፤ የሚመዝነው ተማሪው ለራሱ የሚያገኘውን ብቻ ነውና። አንዲት እናት ለሕፃኗ የምትሰጠውን የመድኃኒት መጠን በማሸጊያው ላይ ሳትሳሳት እንድታነብ ፊደሉን ያጎላና ሥዕሉን ያቀለለ ባለሙያ አለ። እናቲቱ ስሙን አታውቅም፤ ለርሱ ብላ የምትከፍለውም የለም። ሌላው ደግሞ የቢራ ማስታወቂያ ነድፎ ብዙ እጥፍ ይከፈለዋል። ገበያ የሚከፍለው መክፈል ለሚችል ደንበኛ ለተሠራ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ገቢ የሙያውን ማኅበራዊ ጥቅም ሙሉ በሙሉ ሊለካ አይችልም። በየወሩ ቁርጥ ያለ ዕዳ የሚጠብቀው ወጣት በሁለቱ ሥራዎች መካከል አይመርጥም፤ ዕዳው ይመርጥለታል።

ከዚህ ተነሥቶ ወጪውን ሁሉ ሕዝብ ይሸከም ማለትም ፍትሕ አይሆንም። በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ትምህርት፣ ምግብና መኝታውን ጨምሮ፣ ለረዥም ዘመን በነፃ ይሰጥ ነበር። ወጪው ግን ልጆቻቸው የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ረግጠው ከማያውቁ ገበሬዎችና ወዛደሮች ግብር ጭምር የሚሸፈን ነበር። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግብና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከማስተማሪያው ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲጋራ ደነገገ። ክፍያው ከምረቃ በኋላ ቢያንስ ከወር ገቢው 10 በመቶ እንዲሆን ሲወሰን፣ መምህራን ዕዳቸውን በአገልግሎት እንዲወጡም በር ተከፈተ።

እንግሊዝም ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚገቡ ተማሪዎች ባወጣችው ሥርዓት በዓመት ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ከሚገኘው ገቢ 9 በመቶ ይከፈላል፤ ቀሪው ዕዳ የሚሰረዘው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። ይህ ዘዴ ዕዳውን ገብስ ለማድረግ የተደረገ ጥረት ነው። እንከኑም አብሮት አለ፤ ገቢው ከወለሉ ጥቂት ከፍ ያለ ሰው ባለጠጋ ጓደኛው ቶሎ የተገላገለውን ዕዳ እስከ ሽምግልና ይሸከማል።

ታዲያ ፍትሐዊው መንገድ የትኛው ነው? መፍትሔው ዕዳን ከነጭራሹ መሻር አይደለም፤ ሁሉንም ዕዳ በገንዘብ ብቻ መስፈርን መተው ነው። መምህሩ በአገልግሎቱ ሊከፍል ከቻለ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ወይም የጤና ጣቢያ ማስታወቂያ የሚነድፈው ባለሙያ በአገልግሎቱ እንዳይከፍል የሚያግደው ምክንያት ምንድን ነው? በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የተከፈተውና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ያፈራቸው እጆች ለሕዝብ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ሞልቷል። የጎደለው ያንን ሥራ እንደ ክፍያ የሚቀበል ሰፋሪ ነው።

እስከዚያው የመምህሩና የካድሬው ግዴታ ግልጽ ነው። ወጣቱ ዕዳውንና ገቢውን በአኃዝ ሳይሸፋፈን ሊነገረው ይገባል፤ ምኞቱ ግን በአኃዙ ሊሾፍበት አይገባም። ወጣቱ ለኅብረተሰቡ የሚከፍለው አለ፤ ኅብረተሰቡም በተራው የወጣቱ ባለዕዳ ነው። ሁለቱም ዕዳዎች በአንድ ቁና እስካልተሰፈሩ ድረስ «ያዋጣል» ወይም «አያዋጣም» የሚለው ፍርድ ግማሽ ፍርድ ሆኖ ይቀራል።